መሬት የያዘው ስም፦ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ የትውልድ ሐረግን ስለ መፈለግ

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ለሰሜን ሸዋ ባወጣው ሠንጠረዥ ውስጥ መንዝ ማማ ምድር፣ መንዝ ላሎ ምድር፣ መንዝ ጌራ ምድር የሚሉ የወረዳ ስሞች ሰፍረዋል። ማማ፣ ላሎና ጌራ በአገሬው ትውፊት መንዝን ተከፋፍለው ያቀኑ ሦስት አባቶች ናቸው። ቆጠራው በመላው አገሪቱ 73,750,932 ሰው መዝግቧል፤ ከእነዚህ የአንዱም ስም ለአንባቢ አልወጣም። ከብዙ ትውልድ በፊት ያለፉት የሦስቱ አባቶች ስም ግን በቆጠራው ሠንጠረዥ ላይ በጉልህ ይነበባል። ስማቸውን ያቆየው መሬቱ ነው።

የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያም ከዚሁ ይነሣል። በቀድሞዎቹ የመንዝና ግሼ እንዲሁም የመርሐ ቤቴ አውራጃዎች የሰው የዘር ሐረግ ተጠብቆ የቆየው ሕዝብ በተቆጠረበት መዝገብ ላይ አይደለም፤ መሬት በተጠየቀበት፣ በተካፈለበትና በተከራከሩበት ስፍራ ሁሉ ነው። ስለዚህ ከሞፈር ውሃ ማዶ ወይም ከወንጪት ወንዝ ዳር የፈለሱ አያቶቹን የሚፈልግ ሰው ሌላው ዓለም የለመደውን መንገድ እንዳለ ይዞ ቢመጣ ብዙ አይራመድም። መንገዱን ከአገሩ ሥርዓት መማር አለበት።

ሌላው ዓለም የለመደው መንገድ ምን እንደሆነ ለማየት አየርላንድን ማንሣት ይጠቅማል። በ1840ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ከጀመረው ታላቅ ረኃብ ወዲህ እጅግ ብዙ አየርላንዳውያን ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳና ወደ አውስትራሊያ ተሰደዋል። የእነዚህ ስደተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ አያቶቻቸውን ሲፈልጉ በመጀመሪያ የሚይዙት የቆጠራ ቅጽና የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። የ1901 እና የ1911 እ.ኤ.አ. ቆጠራዎች የየቤቱን ሰው ስም፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ ሥራና ማንበብ መቻል አለመቻሉን ጭምር እንደያዙ ተጠብቀዋል፤ የአገሪቱ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትም በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይሰጣቸዋል። የካቶሊክ አጥቢያዎች የጥምቀትና የጋብቻ መዛግብት በማይክሮፊልም ከተቀዱ በኋላ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ከፍቷቸዋል። የልደትና የሞት ምዝገባም ከ1864 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንግሥት ተይዟል።

ይሁን እንጂ የአየርላንድ መዝገብ ትልቅ ጠባሳ አለበት። በሰኔ 1922 እ.ኤ.አ. በደብሊን በተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት የመንግሥቱ መዛግብት ቤት ተቃጠለ፤ ከ1821 እስከ 1851 እ.ኤ.አ. የተደረጉት ቆጠራዎች አብዛኛው ክፍል አመድ ሆነ። የ1861 እና የ1871 ቅጾች ቀድሞውኑ በመንግሥት ትእዛዝ ተወግደው ነበር፤ የ1881 እና የ1891 ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወረቀት በማጠሩ ተፈጭተዋል። ታዲያ ተመራማሪዎቹ ምን አደረጉ? ወደ መሬት መዝገብ ዞሩ። ከ1847 እስከ 1864 እ.ኤ.አ. የታተመው የግሪፊዝ የመሬት ግምት ማን የትኛውን ማሳ ከማን ተከራይቶ እንደያዘ በየመንደሩ ስለሚዘረዝር የተቃጠለውን ቆጠራ ለመተካት በቃ። ሌላም አለ። በ1908 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው 70 ዓመት ለሞላ ሰዎች የጡረታ አበል የሚሰጥ ሕግ ሲወጣ የልደት ምስክር ወረቀት የሌላቸው ሽማግሌዎች በ1841 እና በ1851 ቆጠራ ውስጥ ስማቸው ይፈለግላቸው ዘንድ አመለከቱ። ቆጠራው ሲቃጠል የማመልከቻውና የፍለጋው ቅጽ ተረፈ። ሰው መብቱን የጠየቀበት ወረቀት ዋናውን መዝገብ አልፎ ኖረ።

መንዝን ለሚያጠና ሰው ከዚህ ሁሉ ትልቁ ትምህርት ይህ የመጨረሻው ነው።

የኢትዮጵያ ቆጠራ እስካሁን ሦስት ጊዜ ተካሂዷል፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። አራተኛው በተደጋጋሚ ተላልፏል። የሦስቱም ውጤት በወረዳና በቀበሌ ተደምሮ የሚታይ ቁጥር ነው፤ የግለሰቡ ቅጽ በሕግ ምስጢር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ ብዙ አንቀጾች ነበሩት፤ ነገር ግን የመዝገቡ አንቀጾች ሥራ ላይ ሳይውሉ ቆዩ። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። እንግዲህ በአጼ ምኒልክ ዘመን መንዝ ውስጥ ተወልዶ ከጦር ጋር ወደ ሐረር ወይም ወደ አርሲ የሄደ አንድ ሰው በእነዚህ መዛግብት ውስጥ በየትም በኩል አይገኝም።

ቤተ ክርስቲያንስ? ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ ስም ይወጣል፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ይቆማል። በገጠር አጥቢያ ግን ይህ ሁሉ በመዝገብ ሳይሆን በምስክር ሲጠበቅ የኖረ ነገር ነው። የጥምቀት መዝገብን ቦታ የያዘው የንስሐ አባት ነው። የንስሐ ልጆቹን ቤት ለቤት ያውቃል፤ ማን ከማን እንደተጋባ፣ ማን እንደሞተ፣ የማን ተዝካር እንደቀረ ያውቃል። ከእርሱ ጋር የሚሄድ እውቀት በብዙ አጥቢያ ለተተኪው ቄስ በቃል ተላልፏል፤ በአንዳንዱም ከሽማግሌው ቄስ ጋር ተቀብሯል። ከ1965 ዓ.ም. ወዲህ በቃለ ዓዋዲው መሠረት የተቋቋሙት ሰበካ ጉባኤዎች የምእመናንን ስም መመዝገብ ስለጀመሩ ከዚያ በኋላ ላለው ትውልድ የአጥቢያ መዝገብ የሚባል ነገር አለ። ይህን መዝገብ ታሪክ ጸሐፊዎች ገና በሚገባ አልተመለከቱትም፤ መመልከት ይገባቸዋል።

የርስት አቆጣጠር

የዘር ሐረግ በደጋው ሸዋ የቤት ጌጥ አልነበረም። ሰው ሐረጉን የሚቆጥረው ሊኮራበት ብቻ ሳይሆን ሊያርስበት ነበር። ርስት ከአቅኚው አባት የሚወርድ መብት ስለነበር አንድ ሰው ድርሻውን የሚያገኘው ከራሱ ተነሥቶ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ሳያቋርጥ ስም በስም ሲቆጥር ነበር። አንድ ስም ከጎደለ መብቱም ይጎድል ነበር። ተቃዋሚው የሚፈልገውም ያቺኑ የጎደለች ስም ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ተረት ለባላገሩ ማጽናኛ ብቻ አልነበረም፤ በችሎት ፊት የሚቆምበት እምነቱ ነበር።

የርስትን ነገር ያጠኑ ሰዎች አብዛኛው ትኩረታቸው ጎጃም ላይ ነበር። አለን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ስለ ዳሞት ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ መነሻ ነው። ስለ መንዝ ደግሞ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» ውስጥ የመንዜን ኑሮና ከርስቱ ጋር ያለውን ጽኑ ቁርኝት ገልጿል። የሁለቱም ጥናት በአንድ ነጥብ ይገናኛል፦ የርስት መብት በአባትም በእናትም ይወርድ ነበር። ይህ ነጥብ ለትውልድ ሐረግ ፈላጊ እጅግ ትልቅ ትርጉም አለው። ሰው ወደ ላይ ሰባት ትውልድ ሲቆጥር በሰባተኛው እርከን ላይ ብቻ 128 አያቶች ይቆሙለታል። ከእነዚህ በአንዱ በኩል ወደ አንድ አቅኚ አባት፣ በሌላው በኩል ወደ ሌላ አቅኚ አባት ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ባላገር በማማ ምድር በአባቱ እናት፣ በጌራ ምድር በእናቱ አባት፣ በመርሐ ቤቴ ደግሞ በቅድመ አያቱ በኩል ሊጠይቅ ይችል ነበር። በተግባር ሁሉንም አይዝም ነበር፤ ሰው ባለበት አገርና ዘመድ በበዛበት በኩል ይበረታ ነበር። እውቀቱ ግን ሰፊ ሆኖ ይቀመጥ ነበር፤ ዛሬ ያልተጠየቀው መስመር ነገ ይጠየቅ ይሆናልና።

ከዚህ የተነሣ ሴቶች በመንዝ የትውልድ ሐረግ ውስጥ ጠፍተው አይገኙም። የአየርላንዱ ፈላጊ በቤተሰብ ስም ስለሚመራ የእናቱን ወገን ለማግኘት የጋብቻ መዝገብ ያስፈልገዋል፤ ሴቲቱ ባገባች ጊዜ ስሟ ይሸፈናልና። በእኛ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም፤ ርስቷንም አትለቅም ነበር። በርስት ቆጠራ ውስጥ «እገሌ እገሊትን ወለደ፣ እገሊት እገሌን ወለደች» እያለ ሐረጉ በሴትም በወንድም ይወርድ ነበር። በአንድ ማሳ ላይ ሁለት ወገን ሲጣላ ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚቋጨው አንዲት አያት የማን ልጅ እንደሆነች በመመስከር ነበር። በእኔ ግምት በደጋው ሸዋ የሴቶችን ስም ያቆየ የርስትን ክርክር ያህል ሌላ ምንጭ የለም፤ ዜና መዋዕሉም፣ ገድሉም፣ የግብር መዝገቡም አይደርሱበትም።

የግብር መዝገቡን ነገር ካነሣን አይቀር በሸዋ ርስት ላይ አለቃና ምንዝር የሚባል አደረጃጀት እንደነበረ ማስታወስ ያሻል። አለቃው በዘሩ ስም ግብሩን ሰብስቦ ያስረክብ ነበር፤ ምንዝሮቹ ድርሻ ያላቸው ዘመዶች ነበሩ። ስለ ቀድሞው የመሬትና የግብር ሥርዓት ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» ብዙ ይገኛል። ለፈላጊው ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ አንድ ስም በግብር ደረሰኝ ላይ ሲገኝ ከኋላው ብዙ ቤተሰብ አለ ማለት ነው። የራሱን አያት ስም ያጣ ሰው ሰነዱ ባዶ ነው ብሎ መዝጋት የለበትም። የአለቃውን ስም ይዞ፣ ምንዝሮቹ እነማን ነበሩ ብሎ ወደ አገሩ ሽማግሌዎች መሄድ አለበት።

የዘር ቆጠራ በጋብቻም በኩል ይጠበቅ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓትና በአገሬው ልማድ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡም። ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ የሚደረገው ቤት መቁጠር ነው። ርስት ሐረጉን ወደ ላይ ሲያስቆጥር ጋብቻ ወደ ጎን ያስቆጥራል፤ ሁለቱ ሲገናኙ የአንድ አጥቢያ ሕዝብ ሙሉ ዝምድና ይታያል።

ጓሳ

ለዚህ ሁሉ በመንዝ ውስጥ ጥሩ ማስረጃ ቢፈለግ ጓሳ አለ። ጓሳ የጣራ ክዳንና የገመድ ሣር፣ በድርቅ ዘመንም ግጦሽ የሚገኝበት ከፍተኛ ደጋ ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደቆየ የሚታመነው የቄሮ ሥርዓት ይጠብቀው ነበር። ዘላለም ተፈራ ከናይጄል ሊደር ዊሊያምስ ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት እንደተገለጸው በዚህ ሥርዓት ጓሳን የመጠቀም መብት የነበራቸው የአስቦና የጌራ ዘር የሆኑ ሰዎች ናቸው። መሬቱ በሁለቱ አቅኚ አባቶች ወገን ተከፍሎ፣ በየአጥቢያው ተደራጅቶ፣ ሕዝቡ በመረጠው አለቃ እየተጠበቀ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሲፈቀድ ይከፈት ነበር። የአጥቢያው ታቦት፣ የአቅኚው ዘርና የሣሩ ድርሻ በአንድ ላይ የታሰሩ ነበሩ።

ከትውልድ ሐረግ አንጻር ሲታይ የጓሳ ሥርዓት በየጊዜው የሚታደስ የዘር ምዝገባ ነው። ጓሳ በተከፈተ ቁጥር ማን ገብቶ ማጨድ እንደሚችል ይጠየቃል፤ መልሱም የዘር ቆጠራ ነው። የመንግሥት ቆጠራ በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ ቢደረግ እንኳ አይስተካከለውም። ይህ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ምክንያት ፈረሰ፤ ጠባቂነቱ ወደ ገበሬ ማኅበራት ሄደ፤ የጓሳን መብት የሚወስነውም ዘር ሳይሆን ነዋሪነት ሆነ። ለፍትሕ ጥሩ ነበር፤ ዘር የሌለው ሰውም ሣሩን አገኘ። በዚያው ልክ ግን የአስቦና የጌራን ሐረግ በየጊዜው በአደባባይ የሚያስቆጥር ምክንያት ጠፋ።

በብራና ጠርዝ ላይ

ቃል ብቻ ነው የተረፈው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። በሸዋ ገዳማትና አድባራት ዕቃ ቤት ውስጥ ያሉ ወንጌሎች፣ መዝሙረ ዳዊቶችና ገድሎች በመጀመሪያና በመጨረሻ ቅጠላቸው፣ በኅዳጋቸውም ላይ ብዙ የተጻፈባቸው ናቸው። መጽሐፉን ማን እንዳጻፈው፣ በስንት እንደተገዛ፣ ለየትኛው ታቦት እንደተሰጠ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ንዋየ ቅድሳት ምን ምን እንደሆነ፣ የትኛው ማሳ ለሰሞነኛ እንደተሰጠ፣ ማን ከማን መሬት እንደገዛና እነማን ምስክር እንደነበሩ ይገኝበታል። ብዙው የተጻፈው በአማርኛ ነው፤ የመጽሐፉ ዋና ክፍል ግእዝ ሲሆን። ከታች ያሉት የምስክሮች ስሞች ለትውልድ ፈላጊ ወርቅ ናቸው፤ ነገሥታትም መኳንንትም ያልሆኑ ባላገሮች ስም የሚገኘው እዚያ ነውና። ዶናልድ ክረሚ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የክርስቲያን መንግሥቱ የመሬት ታሪክ ላይ እንዲህ ያሉ ማስታወሻዎች የአንድን ኅብረተሰብ የንብረትና የቤተሰብ ታሪክ ለመጻፍ እንደሚበቁ አሳይቷል። ማስረጃው በይበልጥ ከጎንደር ወገን ቢሆንም ዘዴው ለሸዋ ይሠራል።

ለሸዋማ ሌላ ዕድል አለ። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍትን ቀድቷል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሸዋ አብያተ ክርስቲያናት የተገኙ ናቸው። ቅጂዎቹ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መዘክርና የብራና ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ ዛሬ በኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። ዝርዝራቸውን ያዘጋጁት ዊሊያም ማኮምበርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የመጽሐፉን ዋና ይዘት ብቻ ሳይሆን በኅዳጉ ላይ የተገኘውን ማስታወሻም ይጠቅሳሉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ራሳቸው የሸዋ ልጅ ስለነበሩ የቦታና የሰው ስም ሲያዩ የሚያውቁትን አገር ያዩ ነበር። ካታሎጉን ከፍቶ የአጥቢያውን ታቦት ስም መፈለግ ለማንም መንዝ፣ ግሼም ሆነ መርሐ ቤቴ ለተወለደ ሰው ክፍት የሆነ ሥራ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብራናው ላይ የተጻፈው ስም አብዛኛውን ጊዜ የክርስትና ስም ነው፤ ሽማግሌው የሚያስታውሰው የዓለም ስሙን ነው፤ ዘማች ከሆነ ደግሞ ብዙ ሰው የሚያውቀው በፈረስ ስሙ ነው። አንድ ሰው በሦስት ስም ሦስት ሰው መስሎ ሊታይ ይችላል። ማስታረቂያው የተዝካርና የሙት ዓመት ጸሎት ነው፤ በጸሎቱ የሚጠራው የክርስትና ስም ነው፤ ዘመዶቹ ግን ሁለቱንም ያውቃሉ።

የዘመን መለኪያ

የቃል ሐረግ ዓመት የለውም። ስለዚህ መለኪያ ያስፈልጋል፤ ለመንዝ የሚስማማው መለኪያ ደግሞ ከመንዝ የተነሣው የሸዋ መሳፍንት ሐረግ ነው። ነጋሲ ክርስቶስ ወረደ ቃል ከመንዝ አጋንቻ ተነሥቶ የሸዋን መሳፍንት ቤት የመሠረተ ሰው ነው፤ የሞተው በ1703 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ከእርሱ በኋላ ሰብስትያኖስ፣ አብዬ፣ አምኃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ፣ ሣህለ ሥላሴና ኃይለ መለኮት ልጅ ከአባቱ እየተቀበለ ገዝተዋል። ኃይለ መለኮት የሞተው በ1855 እ.ኤ.አ. ነው። በነጋሲ ሞትና በኃይለ መለኮት ሞት መካከል 152 ዓመትና ሰባት የትውልድ እርከን አለ፤ አንዱ እርከን በአማካይ 22 ዓመት ያህል ይሆናል።

መሳፍንት በልጅነታቸው ስለሚያገቡና ሥልጣኑን የሚወርሰው ልጅ ሁልጊዜ በኩሩ ስላልሆነ ይህ ቁጥር ለባላገር ቤት እንዳለ አይሠራም፤ ከ22 እስከ 30 ዓመት ባለው ክልል ውስጥ ማስላት ይሻላል። ሆኖም ማንኛውንም ሐረግ ለመፈተን ይጠቅማል። በ1940 ዓ.ም. የተወለደ ሰው አሥር ስም ቆጥሮ በነጋሲ ዘመን ወደነበረ አባት ቢደርስ ነገሩ ሊሆን ይችላል። አምስት ስም ብቻ ቆጥሮ ቢደርስ ግን በመካከል የወደቁ ስሞች አሉ። ይኸው ፈተና ለመሳፍንቱም ይሠራል። የሸዋ ቤት ሐረጉን በያዕቆብ በኩል ወደ አጼ ልብነ ድንግል ያደርሳል፤ ልብነ ድንግል የሞቱት በ1540 እ.ኤ.አ. ስለሆነ እስከ ነጋሲ ሞት 163 ዓመት አለ፤ በዚሁ መለኪያ ሰባት ትውልድ ገደማ ይጠበቃል። በየመጽሐፉ ያለው ዝርዝር ከዚህ ሲያንስ የሐረጉ ላይኛ ክፍል ማጠሩን እንረዳለን። በብዙ አገር የቃል ሐረግ ወደ ላይ ሲወጣ ይሰበሰባል፤ ታላላቆቹ ይቀራሉ፣ ተራዎቹ ይወድቃሉ።

ለቅርቡ ዘመን የሕዝቡ የራሱ መለያ ይበቃል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት የቆየው ክፉ ቀን፣ የ1888ቱ የአድዋ ዘመቻ፣ የ1909ኙ የሰገሌ ጦርነት፣ የ1911ዱ የኅዳር በሽታ፣ የ1928ቱ የጣልያን ወረራ እያንዳንዳቸው የልደትና የሞት ዘመን ማስያዣ ናቸው። አያትህ ስንት ዓመቱ ነበር ተብሎ ሲጠየቅ የማይመልስ ሽማግሌ አያቱ ለሰገሌ ከብት ጠባቂ ይሁን ጦር ያዥ ሲጠየቅ ወዲያው ይመልሳል።

በሐረጉ የሌሉት

የርስት ሐረግ እውነት ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ለባለ መብቱ ወገን ነው። ክርክር የተረታው ወገን ከጊዜ በኋላ ከሐረጉ ይወጣል። ከሌላ አገር መጥቶ በጉልበቱ ያደረ፣ ሸክላ የሠራች፣ ብረት የቀጠቀጠ፣ በባርነት የኖረ ሰው መጀመሪያውኑ አልገባበትም። ዘር ቆጣሪው ሆን ብሎ ስም ሊያስገባ ወይም ሊያስወጣ የሚያበቃ ጥቅም አለው። በዚህ ምክንያት የአንድ ወገንን ቃል ብቻ ተቀብሎ ሐረግ የሚጽፍ ሰው የአንድ ወገን የክስ ማመልከቻ ጻፈ ማለት ነው። የተጣሉትን ሁለቱን ወገኖች ለየብቻ ጠይቆ የሚስማሙበትን ስም ጽኑ፣ የሚለያዩበትን አጠራጣሪ አድርጎ መመዝገብ ትክክለኛው አሠራር ነው። ባላንጣው ሳይወድ የሚመሰክረው ስም ከወዳጅ አሥር ቃል ይበልጣል። ከአውራጃ ፍርድ ቤት አልፎ እስከ ዙፋን ችሎት የደረሰ የርስት ክርክር መዝገብ ሲገኝ ዋጋው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የሁለቱም ወገን ቆጠራ ጎን ለጎን ተጽፎበታል።

ርስት ያልነበራቸውን ሰዎች ለማግኘት ደግሞ ሌላ መንገድ መያዝ ግድ ነው። የ1967ቱ አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ ካደረገ በኋላ የገበሬ ማኅበራት መሬት ያካፈሉት በቤተሰብ ብዛት ስለነበር የቤተሰብ ዝርዝር ያዙ፤ የትናንቱ ጭሰኛና ባለእጅ ስሙ የገባው በዚህ መዝገብ ነው። በአማራ ክልል በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርም የባልንም የሚስትንም ስም ይይዛል። እነዚህ መዛግብት በየቀበሌውና በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ናቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ ለሚመጣ ተመራማሪ የግሪፊዝን የመሬት ግምት ያህል ይጠቅማሉ፤ እስከዚያ ከእርጥበትና ከምስጥ ቢድኑ።

ከሁሉም የሚያሳስበው ግን የቃሉ እውቀት ነው። የ1967ቱ አዋጅ የርስትን ክርክር ሲዘጋ ጥሩ አደረገ፤ ብዙ ደም ያፋሰሰ ነገር ነበር። ሐረጉን የሚያስቆጥረው ምክንያት ግን አብሮ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የተወለደ መንዜ ሰባት ቤት የሚቆጥረው ሲያገባ ብቻ ነው፤ ከተማ ከገባ ያንንም ይተወዋል። በ1967 ዓ.ም. የ25 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ለአባቱ ርስት ሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው በ2018 ዓ.ም. 76 ዓመት ይሆነዋል። ከእርሱ በኋላ አቅኚ አባቱን በችሎት የቆጠረ ሰው የለም።

ስለዚህ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክፍል፣ የየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤና ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ወጥታችሁ በአዲስ አበባም በውጭ አገርም ያላችሁ ሁሉ ይህን ሥራ ዛሬ ጀምሩት። ሽማግሌውን ስትጠይቁ «አያትህ ማን ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ «ይህ ማሳ በማን በኩል ገባላችሁ? ማን ተከራከራችሁ? ማን መሰከረ?» ብላችሁ ጀምሩ። የዓለም ስሙን፣ የክርስትና ስሙን፣ የእናቱን ስም፣ የአጥቢያውን ታቦትና የማሳውን ስም አንድ ላይ ጻፉ፤ ማን እንደነገራችሁና መቼ እንደነገራችሁም ጻፉ። የተጻፈውን አንዱን ቅጂ ለቤተሰቡ፣ ሁለተኛውን ለአጥቢያው፣ ሦስተኛውን ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ስጡ።